ሞተው ስለተነሡት የባለቤቴ ኩላሊቶችና ለእንግዳ ስለተቀመጠው መመርመሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የላብራቶሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋናን በአደባባይ ስለማቅረብ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ክቡር ቤተሰብዎ፣ ከመስኮቱ ኋላ የሚያገለግሉት ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ከጠረጴዛዎ ዳር የማይጠፉት ሁለቱ ማኅተሞችዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ወገብዎን ሳያምዎትና መነጽርዎ ሳይጠፋ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። ስለ ኩላሊትዎ ጤንነት ግን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጥያቄው ለመልስ ወደ ክፍልዎ የተመራ እንደሆነ ምን ይዞ እንደሚመለስ በራሴና በቤተሰቤ ስላየሁት፣ እርስዎን የመሰለ ሰው በከንቱ ማስደንገጥ አልፈለግሁም።

እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ለአለቆች ደብዳቤ በመጻፍ ስለሆነ፣ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ይገኛል» ማለት ፋይሉ ጠፍቷል ማለት እንደሆነ፣ «በትዕግሥት እንዲጠባበቁ» ማለትም ባይመለሱ ደስ ይለናል ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አብዛኞቹን የጻፍኳቸው እኔው ነኝና። ስለዚህ ቀደም ሲል በዝግ ፖስታ የላክሁልዎት ደብዳቤዎች «ገቢ» ተብለው ከገቡ በኋላ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ሲቀር ቅር አላለኝም። ምናልባት ፖስታውን መክፈቱ አድክሞዎት ይሆናል በሚል ሐሳብ የአሁኑን ከነጭራሹ ክፍት አድርጌ በጋዜጣ ልኬልዎታለሁ።

ነገሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ክፍልዎ የባለቤቴን ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል ብሎ በማኅተም አረጋገጠ፤ ኩላሊቶቹ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። በዚህም የተነሣ እኔ ሚስቱ ጎኔን ተቀድጄ አንዱን ኩላሊቴን ለማያስፈልገው ሰው ልሰጥ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ የዚህ መዘዝ ምን ሊሆን ይችል እንደነበረ ከታች በቦታው አስረዳለሁ። ልብና ኩላሊትን የሚመረምር ፈጣሪ ብቻ ነው ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ሥልጣኑ በውክልና ለእርስዎ መተላለፉን ባለማወቄ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ባለቤቴ ኩላሊቶች ሞትና ትንሣኤ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ራሱ የሠራቸውን በሮች የሚያህል ሰው። ይህ ሰው ድንገት ውሃ አልጠግብ አለ። አንድ ጆግ ጨርሶ ጆጉን ሳያስቀምጥ ሌላ ይጠይቃል፤ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ያድራል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለው። ሙቀቱ ነው ተባባልን። ቀጥሎ አፉ አሴቶን አሴቶን መሽተት ጀመረ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ማለቴ ነው። ክቡርነትዎ ትዳር ያለዎት እንደሆነ ይረዱኛል፦ ባል የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እየሸተተ ቤት ሲገባ ሚስት መጀመሪያ የምታስበው የስኳር በሽታን አይደለም። እሱ የሙጫ ሽታ ነው ብሎ ማለልኝ። እኔም አላመንኩትም፤ በሰፈሩ ጥፍሯን የተቀባች ሴት በዓይኔ እየፈለግሁ ሳለሁ፣ አንድ ጧት እያስመለሰውና እያለከለከ እጄ ላይ ተዝለፈለፈ። ያን ጊዜ የጠረጠርኳትን ሴት ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ ወደ እናንተ ይዤው በረርኩ።

ስኳሩ የመለኪያውን ጣሪያ አልፎ ተገኘ። ሕይወቱ አደጋ ላይ እንደነበረ አልክድም። በዚህ ላይ ግን ከክፍልዎ የመጣው ወረቀት ክሪያቲኒን የሚባለው ቁጥር ከልኩ ብዙ እጥፍ መድረሱን አበሠረን። ክሪያቲኒን ጡንቻ ሲሠራ የሚጥለው ጥራጊ እንደሆነ፣ ይህንንም ከደም ጠርጎ የሚያወጣው ኩላሊት ስለሆነ፣ ጥራጊው ሲከማች ጠራጊው ሥራ አቁሟል እንደሚባል የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ፣ ኩላሊቶቹ አልቀዋል፣ ደሙ በመሣሪያ መታጠብ ይኖርበታል፣ ካልተመለሱም ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ ከአሁኑ ፈልጉ አለን። ባለቤቴም ከአልጋው ላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ከዚያም ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደውን መላጊያውን ለማን እንደሚያወርስ በለሆሳስ ይነግረኝ ጀመር። እኔን ለማን እንደሚያወርሰኝ አልነገረኝም።

2ኛ. ስለ መጀመሪያው ማኅተምዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በተኛበት ክፍል አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ስትራመድ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ ስለሚል በሽተኛው ሁሉ መምጣቷን ከሩቅ ያውቃል። ይህች ልጅ የእርስዎን ወረቀት ካነበበች በኋላ አንድ ነውር ሠራች፤ ጎንበስ ብላ በአልጋው ሥር ያለውን የሽንት ጠርሙስ አየች። ሙሉ ነበር። ደፍተው ያመጡት ጠርሙስም ዳግመኛ ሞላ። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሰው በዚህ መጠን መሽናቱ ስላልገባት፣ ሌሎቹንም ምርመራዎች ስታስተያይ ነገሩ አልገጥም ስላላት፣ ወደ ክፍልዎ ስልክ ደወለች።

እኔንም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያም ኬቶን የሚባል ነገር በደም ውስጥ ይፈስሳል፤ እኔ በሴት የጠረጠርኩት ሽታ የሱ ነው። የእናንተ ላብራቶሪ ደግሞ ክሪያቲኒንን የሚለካው ደሙን ከአንድ ቢጫ ኬሚካል ጋር ቀላቅሎ ምን ያህል እንደቀላ በማየት ነው። ችግሩ ኬቶንም ያንኑ ቢጫ የሚያቀላው መሆኑ ነው። መሣሪያው መቅላቱን እንጂ ያቀላውን አይጠይቅም፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው ይቆጥርለታል። ባለቤቴ ውሃ ስላነሰው ኩላሊቱ ትንሽ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል እንጂ፣ ከቁጥሩ የሚበዛው የኬቶን ሥራ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። ስለዚህ በኬቶን በማይታለለው በሌላኛው መመርመሪያ እንዲታይላት ለመነች።

የክፍልዎ ምላሽ ፈጣን ነበር። ያንኑ ደም፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ቢጫ ኬሚካል ደግማችሁ መረመራችሁትና ያው ቁጥር ሲወጣ ደስ ብሏችሁ «ተረጋግጧል» የሚል ሰማያዊ ማኅተም አሳረፋችሁበት። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ማኅተም አይቻለሁ፤ እንዲህ ደማቅና ቀጥ ያለ ግን አላየሁም። ስለ ጥራቱ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. ቤተሰባችንን ስላስታረቁልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ታናሽ ወንድም አለው፤ እሱም አናጺ ነው። ከወለሉ እስከ ንግግሩ ነገር ሁሉ ካልተስተካከለ ስለማይወድ ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ሁለቱ በአንድ ወርክሾፕ ሲሠሩ ኖረው፣ ከዓመታት በፊት የሠሩት ቁም ሳጥን በጎኑ አጥሮ በመገኘቱ አንተ ነህ ያሳነስከው፣ አንተ ነህ ተባብለው ተኳረፉ። ዘመድ ለመነ፣ ጓደኛ ለመነ፣ እኔ አልቅሼ ለመንኩ፤ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ወርክሾፑን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው እየሰማ ይማርህ ሳይባባሉ ኖሩ።

የወንድሙ ኩላሊት አለቀ ሲባል ሰምቶ ውሃ ልክ መጋዙን እንደያዘ ሆስፒታል ድረስ ሮጦ መጣ። ዘበኛው መጋዙን አስቀምጥ ቢለው፣ ከፈለግህ እኔንም አስቀምጠኝ፣ ኩላሊቴን ግን ለወንድሜ አድርስልኝ አለው። አንጀቴን በላኝ። ያኔውኑ ከመስኮታችሁ ፊት ተሰልፎ ደሙን ሰጠ። ውጤቱም ደረሰ፦ የውሃ ልክ ኩላሊትም ጤናማ አይደለም፤ ማኅተም፤ ተረጋግጧል።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያዩ ኖሮ በሥራዎ ይኮሩ ነበር። ያ ጠንካራ ሰው ከወንድሙ አልጋ እግርጌ ተቀመጠ። ሁለት ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁም ሳጥኑን እኔ ነኝ ያሳነስኩት፣ የለም እኔ ነኝ እየተባባሉ ተላቀሱ። በጤናቸው እምቢ ያሉትን ዕርቅ ክፍልዎ ሁለቱንም ሞት አፋፍ ላይ በማቆም አስገኘልን። የዘመድ ልመና ያልሠራውን ቢጫ ኬሚካል ሠራው።

ጫማዋ ሲጥ ሲጥ የሚለው ሐኪም ግን እዚህም ላይ ደስታችንን አላራዘመችውም። ውሃ ልክን ምን እንደሚበላ ጠየቀችው። እሱም እየተሽኮረመመ፣ ሆዱን ለማጥፋት ብሎ ዳቦና እህል ከተወ ቆየት ማለቱን፣ ሥጋና እንቁላል ብቻ እንደሚበላ፣ በዚህም ላይ ለምርመራ ባዶ ሆድ ይሻላል የሚባል ነገር ሰምቶ ስለነበር፣ ወንድሙ ሆስፒታል ገባ ሲባል ከሰማ ጀምሮ ደም ብጠየቅ ብሎ ደህና አድርጎ መጾሙን ነገራት። እህል የተወና የጾመ ሰውም ስብ ስለሚያቃጥል ኬቶን አያጣም፤ የበላውም ሥጋ ራሱ የክሪያቲኒን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ሩዝ ብላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ተመልሰህ ና አለችው። ሩዝ በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶ መጣ። ኩላሊቱ ከሞት ተነሣ። ማኅተሙን ግን እስካሁን የሻረለት የለም።

አራተኛውን ምስጋናዬን ባለቤቴ እንዳልጽፈው ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ ስለ ሽታው የተናገረውን የሚመለከት ነበር። በአንቀጹ ውስጥ የተጠቀምኩባቸው ቃላትም ለጋዜጣ የሚሆኑ አልነበሩም።

5ኛ. በግል ቢሮዎ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ይህ እንኳ የማላሾፍበት ነው፤ ተነሥተው ወንበር ሰጥተውኛል። ባለቤቴ ለምን በሌላኛው መመርመሪያ እንዳልታየ ስጠይቅዎት አልተቆጡም። ከኪስዎ ቁልፍ አውጥተው ከኋላዎ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈቱና ካርቶኖቹን አሳዩኝ። በኬቶን የማይታለለው መመርመሪያ እዚያ ነበር፤ አዲስ፣ ንጹሕ፣ በመልክ በመልኩ የተደረደረ። ዋጋው ወደድ ስለሚል ለሁልጊዜ እንደማይሆን፣ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ የላብራቶሪዎችን ብቃት ለመፈተን ናሙና ሲልክ ብቻ እንደምታወጡት፣ በዚህም ምክንያት ክፍልዎ በየጊዜው ከፍተኛ ነጥብ እንደሚያገኝ አጫወቱኝ። የምስክር ወረቀቶቹም ከግድግዳው ላይ በመስተዋት ተሰቅለው ነበር።

ወዲያው ገባኝ። እናቴም ለእንግዳ የሚቀመጡ ስኒዎች ነበሯት። እኛ ልጆቿ ጆሯቸው በተገነጠለ ስኒዎች ስንጠጣ አድገናል፤ የእንግዳዎቹ ስኒዎች ግን አንድም ቀን ከመደርደሪያው ሳይወርዱ እናቴን ቀብረናታል። ልዩነቱ እኛ በተገነጠለው ስኒ በመጠጣታችን ማንም ሞታችኋል አላለንም። ካርቶኑ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ መቃረቡን አይቼ ስጠቁምዎትም፣ ተቆጣጣሪዎቹ ከዚያ በፊት ስለሚመጡ አያሳስብሽ አሉኝ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ከእርስዎ ቁም ሳጥን ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ተኝቶ፣ ዛሬ ነው ነገ ነው የሚወስዱኝ እያለ የእጥበት መሣሪያውን በፍርሃት ይጠብቅ ነበር። ደግነቱ ያቺ ሐኪም እጥበቱን በገዛ ኃላፊነቷ አዘግይታ፣ ውሃና ኢንሱሊን እየሰጠችው ነበር። ኬቶኑ ሲወርድ ቁጥሩም አብሮት ወረደ፤ ሳምንት ሳይሞላ ኩላሊቶቹ እንደማንኛውም ሰው ኩላሊት ሆኑ። ክፍልዎም ይህንኑ «ተረጋግጧል» ብሎ ማኅተም መታበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ መሞቱም መነሣቱም በአንድ ማኅተም የተረጋገጠለት ሰው ባለቤቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

6ኛ. በመጨረሻ ስለ ራሴ። ይህን አንቀጽ ስጽፍ ቀልዱ ትንሽ ቢያንስብኝ ከአሁኑ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የውሃ ልክ ኩላሊት በእናንተ ዘንድ ከወደቀ በኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ልጅ አልወለድንም። ለባለቤቴ በሕይወት ያለሁለት እኔ፣ ለእኔም ያለልኝ እሱ ነው። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ከመስኮታችሁ ፊት ተሰልፌ ደሜን ሰጠሁ። ወረቀቱም ሲመለስ ቁጥሬ ከልኩ እንኳ ዝቅ ያለ ነበር። የመስኮቱ ሠራተኛ እማማ፣ የልጅ ኩላሊት ነው ያለዎት ብሎ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። ሁለተኛውን ማኅተም ያየሁት ያኔ ነው፤ አረንጓዴው፤ «ጤናማ» የሚለው። አመንኩ። ለምን አላምንም? በሕይወቴ ሙሉ ሰዎች እኔ የመታሁትን ማኅተም ሲያምኑ ኖረዋል። ወረቀቱን እያውለበለብኩ ወደ ባለቤቴ ገብቼ፣ እንግዲህ ዕድሜ ልክህን ስትሰማኝ ኖረሃል፣ ከእንግዲህ ከውስጥም ትሰማኛለህ አልኩት። እሱ አልሳቀም። ሞቼ ነው አንቺን የማስቀድድሽ ብሎ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔ ግን ቆርጬ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ከቢላዋው በላይ የፈራሁት ግን ያለ እሱ ጧት ጧት የሚከፈተውን በር ነው።

ያቺ ሐኪም ሲጥ ሲጥ እያለች መጣች። ወረቀቴን ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ ከዚያ እሱን ትታ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ነፋስ የሚጥለኝ ሴት ነኝ። ከጊዜ ወደ ጊዜ ስከሳ ጡረታው ነው አልኩ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዕድሜ ነው አልኩ፣ ልቤ ሲመታ ባሌ ነው አልኩ። እጆችሽን ዘርጊ አለችኝ። ዘረጋሁ። ጣቶቼ ላይ አንድ ወረቀት አጋድማ አስቀመጠች። ወረቀቱ በራሱ ይርገፈገፍ፣ ይጨፍር ጀመር። በእጇ ሌላ ወረቀት ስላልነበረ፣ ጣቶቼ ላይ የሚጨፍረው የእርስዎ «ጤናማ» ነበር።

ከዚያ በኋላ ኩላሊት ልስጥ የሚል ሰው በአንድ የደም ቁጥር እንደማይታለፍ ነገረችኝና የአንድ ቀን ሙሉ ሽንቴን በትልቅ ጄሪካን እንዳጠራቅም አዘዘችኝ። ጄሪካኑን አቅፌ በአውቶቡስ ስሄድ አንድ ጨዋ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ዘይት መስሎት መሆን አለበት፣ ከየት አገኙት ብሎ ጠየቀኝ። ውጤቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ኩላሊቶቼ ከሚገባቸው ሥራ ከግማሽ በታች እየሠሩ፣ ፕሮቲንም እያፈሰሱ ኖረዋል። የአንገቴ እጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ከልክ በላይ እየሠራ ጡንቻዬን በልቶ ጨርሶታል። ጡንቻ ከሌለ ደግሞ ጥራጊው ያንሳል፤ ጥቂት ሰው በሚኖርበት ግቢ አንካሳ ጠራጊም ግቢውን ንጹሕ አድርጎ ይውላል። እናንተ ግቢውን አይታችሁ ጠራጊውን ሸለማችሁት።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ያቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ ባለቤቴ ከማያስፈልገው ሦስተኛ ኩላሊት ጋር፣ እኔ ደግሞ ከአንድ የታመመ ኩላሊት ጋር ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። የእጥበቱ መሣሪያ ላይ የምተኛው እኔ እሆን ነበር። ባለቤቴም የእኔን ኩላሊት ተሸክሞ ያስታምመኝ ነበር። ይህን ያወቅሁ ዕለት ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጮክ ብዬ አልቅሻለሁ። በሌላው ሁሉ ልቀልድብዎ እችላለሁ፤ በዚህኛው ግን ተናድጄብዎታለሁ፣ ክቡር ኃላፊ፤ ከልቤ ተናድጄብዎታለሁ።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ሐኪም ቢጫው ኬሚካል ወንጀለኛ እንዳይደለ፣ ለአብዛኛው ሰው ደህና አድርጎ እንደሚሠራ፣ ማንኛውም ምርመራ ግን የመጣለትን ሰው ሁኔታ ካልነገሩት እንደሚሳሳት አጥብቃ ነግራኛለች። የሚነገርበትም ቦታ አለው፤ በማዘዣው ወረቀት ላይ «የታማሚው ሁኔታ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ሐኪሞቹ እንዳይሞሉት የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ከመስኮቱ በላይ ተለጥፏል፤ ምክንያቱም መሙላቱ ሥራ ያዘገያል ይላል። አርቃቂውን ባላውቀውም ሰዋስዉ እንከን የለውም።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ማስታወቂያው ይነሣ። ሐኪም ሲደውል የሚለው ይሰማ። ስኳሩ ከፍ ያለ፣ የጾመ፣ የከሳ ሰው ሲመጣ አንድ ሰው ቀና ብሎ ይየው። ማኅተሞቹን በተመለከተ ደግሞ፣ ቁጥሩን እናንተ ጻፉ፤ ጤናማ ነው አይደለም የሚለውን በሽተኛውን ለሚያየው ተዉለት። ሁለቱን ማኅተሞች ለቅርስነት የምትለግሷቸው እንደሆነ ተቀባይዋ እኔ ነኝ፤ የሚቀመጡበትን ሣጥን ባለቤቴ ይሠራል።

ለዘመናት ሲጻፍ የኖረውን የአክብሮት መዝጊያ ሁሉ ስለማውቀው ከመካከላቸው ለእርስዎ የሚመጥን በማጣቴ የሚከተለውን በራሴ አዘጋጅቻለሁ፦ በእርስዎ መሣሪያ የሞቱት ሁለት ወንድማማቾች በሕይወት ቆመው፣ በእርስዎ ማኅተም ጤነኛ የሆንኩት እኔም መድኃኒቴን በእጄ እንደያዝኩ፣ ሦስታችንም ራሳችንን ዝቅ አድርገን እጅ እንነሣለን።

የማይንቀጠቀጥ አክብሮት ያላት፣
እጇ ግን ገና የሚንቀጠቀጥ፣
የቀድሞዋ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
— ጫማዋ ሲጥ ሲጥ ለሚለው ሐኪም፣ ከአዲስ ጫማ ይልቅ አሮጌው እንዲቆይላት ከሚል አደራ ጋር
— ለውሃ ልክ፣ ሩዙን እንዳይተው
— ለባለቤቴ፣ አራተኛውን አንቀጽ ማስቀረቴን እንዲያይ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ወር ለክትትል ደም ለመስጠት ወደ መስኮታችሁ እመጣለሁ። ከአሁኑ ላስጠንቅቅዎ፤ የታይሮይዱ መድኃኒት ሲሠራልኝ ጡንቻዬ ስለሚመለስ የክሪያቲኒን ቁጥሬ ከፍ ማለቱ አይቀርም ተብያለሁ። እኔ እየተሻለኝ ስሄድ ወረቀታችሁ እየከፋ ይሄዳል ማለት ነው። እንዳትደነግጡ፤ በሽታው ሳይሆን እውነቱ ነው እየመጣ ያለው። እስከዚያው «ጤናማ» የሚለውን ወረቀታችሁን ማታ ማታ ለኩላሊቶቼ አነብላቸዋለሁ፤ እስካሁን አላመኑም።

ሌላም አለ። ወንድማማቾቹ ኮምፔንሳቶውን አፍርሰው፣ በኮምፔንሳቶው ለክፍልዎ የሚሆን ቁም ሳጥን ሠርተዋል፤ ደብዳቤው ሲደርስዎ ከሆስፒታሉ በር ላይ ያገኙታል። ሲሠሩት የሁለቱ ልኬት አልገጥም ብሎ ሊጣሉ ሲሉ፣ የባለቤቴ ሜትር ጫፉ ተጣሞ ከድሮም አሳንሶ ሲለካ እንደኖረ ተደረሰበት። ባለቤቴ በሜትሩ ዳግመኛ አልለካም፣ ማኅተምም አልመታበትም፤ ወረወረው። ቁም ሳጥኑ ለእነዚያ ካርቶኖች በልክ የተሠራ ነው፤ በር የለውም፣ ቁልፍም የለውም። እንግዲህ የወሩ ቀጠሮዬ ደርሶ ከመስኮቱ ፊት ስቆም፣ እባክዎ፣ እንደ እንግዳ ይቁጠሩኝ።